ተሰበረ እና ሰበርኩት

ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ በምንላት ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ሆቴል የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት ዋና ንብረት በሽቦ የታሰረ ቁልፍ ነበር። ከብዛቱ የተነሳ የጋዋኔን ኪስ ወደ ታች ይጎትታል። የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት የሚናገር ምልክት አልነበረበትም። ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ ጡረታ መውጣታቸው ነበርና «እየሞከርሽ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ፤ ከዚያ ጋሪ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በፊት እዚያው ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንሶላና ፎጣ ነበር የማውቀው። ሴት ልጅ ፓምፕ ቤት ምን ትሠራለች ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያው እል ነበር።

ገና ወንበሬን ሳላሞቅ ሰው በሬ ላይ ተደረደረ። «እትዬ አስካለ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተሰበረ።» «የአዳራሹ በር እጀታ ተነቀለ።» «ካውያው ተቃጠለ።» ማን ሰበረው ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔንጃ፣ ራሱ ነው የተሰበረው።» የዚያ ሆቴል ዕቃ እጅና እግር አውጥቶ ራሱን የሚሰብር ይመስል ነበር።

የካውያው ነገር ትምህርት ሆነኝ። የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ሙሉነሽ «ተቃጠለ» ብላ አመጣችው፤ ኤሌክትሪሺያኑ ገመዱን ቀይሮ መለሰላት። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ያዛትና ከሳፋው ላይ ወደቀች። እግዜር ሲጠብቃት ተረፈች። ኋላ ስጠይቃት ካውያው ውሃ ውስጥ ወድቆባት እንደነበር ነገረችኝ። «ታዲያ ምነው ያኔ ብትናገሪ?» አልኳት። «ደመወዜን ይቆርጡብኛል ብዬ ነዋ» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ ግን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሠራተኛውን ሰበሰብኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ተሰበረ የሚባል ቃል እኔ ቢሮ አይገባም። የሰበረ ሰው ሰበርኩት ይበል፤ እንዴት እንደሰበረውም ይንገረኝ። ሰበርኩት ያለ አይቀጣም፤ ቃሌ ነው» አልኩ። እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ። ማንም ያመነኝ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ ያመኑኝ የቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። የደራ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውና ልጆቻቸው እዚያ ነበሩ። ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። አንድ ጠዋት ከግቢው ጫፍ ሆነው «እትዬ አስካለ፣ ሰበርኩት!» ሲሉ ቁርስ የሚበሉ እንግዶች ሁሉ ዞሩ።

«ምኑን ሰበሩት?»

«የሽንት ቤቱን መቀመጫ። ቆሜበት አምፖል ስቀይር።»

«ለምን ቆሙበት?»

«መሰላሉ ፎቅ ላይ ነዋ። እኔ ደግሞ ሰነፍኩ።»

ከዚያ በኋላ በየፎቁ አንድ አንድ መሰላል አስቀመጥን፤ የሽንት ቤት መቀመጫም መሰበሩን ተወ። ሙሉነሽም ሌላውም እያደር ተከተሉ። አንዳንዱማ ያልሰበረውን ጭምር ሰበርኩት ሊል ምንም አልቀረው።

ይህ ሥራ ለሰው ምን ይሰጣል ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ምስጋና አይሰጥም። ውሃው ሲፈስ፣ መብራቱ ሲበራ ማንም አያስታውስሽም፤ ሲቋረጥ ግን ስምሽ በየኮሪደሩ ይጠራል። የሚሰጠው ነገር አንድን ቤት ጠንቅቆ ማወቅ ነው። ፓምፑ ድምፁን ሲቀይር አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል፤ የትኛው ክፍል ሻወር መቼ እንደሚደፈን አስቀድሜ አውቅ ነበር። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፤ ለእኔ ከሹመቱ በላይ ነበር።

የግቢው ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ፕላኑ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ከጋሽ ቶሎሳና ከአትክልተኛው ከበቀለ ጋር እየቆፈርን ፈለግነው። የውሃ መዝጊያ ባለበት ሰማያዊ የተቀባ ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ቀይ የተቀባ ድንጋይ አኖርን። እንግዳ ጌጥ ይመስለው ነበር። እኛ ግን ግቢውን በዚያ ነበር የምናነበው።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ለፓምፕ መለዋወጫ አዲስ አበባ ተላክሁ። ስመለስ ግቢው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። የዛፉ ግንድ፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ይባስ ብሎ ድንጋዮቹን ከየቦታቸው አንስተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰልፍ አስይዘዋቸዋል። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ይመጣል ከተባለ የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ የሚንቀሳቀሰው ሰልፍ ይወጣል። የእኛ ድንጋዮች ሁለቱም ደረሳቸው።

ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ደምሴ ሄጄ ነገርኳቸው። «ያ ቀለም እኮ ምልክታችን ነበር» አልኳቸው።

«አምሮ የለም እንዴ? በዓሉ ይለፍና ታስተካክሉታላችሁ» አሉኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። ይኸኛው እንኳ በእውነት ራሱ ነው የፈነዳው፤ አርጅቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይገባሉ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ ቶሎ ሄደው መዝጊያውን ይዝጉት» አልኩ። በቀለን አስከትለው ሮጡ። መዝጊያውን ሣር ሸፍኖታል፤ ድንጋዩ ወደ መንገዱ ዳር ሄዷል። ጋሽ ቶሎሳ በግምት ቆፈሩ። ዶማቸው ዋናውን ቧንቧ አገኘው፤ ውሃው ከቡጋምቢላው ዛፍ በላይ ተተኮሰ። ሆቴሉ በሙሉ ውሃ አጣ።

ዝግጅቱን እንዲቆጣጠር ከከተማው የተመደበ ካድሬ እዚያው ነበር። ጫማውን ከጭቃው እየጠበቀ መጣ።

«ማነው የሰበረው?»

«እኔ ሰበርኩት» አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ በዚያ ድምፃቸው።

«ሰበርኩት?» አለ ካድሬው። «በበዓሉ ዋዜማ ላይ? ይህ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የዚያን ዘመን ቃል ነው። አንዴ ከተለጠፈብህ አያስበላህም፣ አያስተኛህም። በዚህ ቃል ተወስደው በዚያው የቀሩ ሰዎች እናውቅ ነበር። ጋሽ ቶሎሳን ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ወስዶ የዘበኛ ቤት አስቀመጣቸው። ሰበርኩት ማለትን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አይቀጣም ያልኩትም እኔ ነኝ።

እስከዚያው ውሃው መመለስ ነበረበት። ከበቀለ ጋር ሆነን የወጥ ቤቱን መዝጊያ ፈልገን ዘጋን፤ የተሰበረውን ዋና ቧንቧ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጠቅልለን በሽቦ ጠፈርነው። ውሃው ተመለሰ፤ ሰውዬው ግን አልተመለሱም።

አቶ ደምሴ ወደ ጥግ ወስደው በሹክሹክታ «ሂጂና ተሰበረ ይበሉ በያቸው። ቧንቧው አርጅቶ ነበር ይበሉ፣ ይለቋቸዋል» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። እኔም ፈርቼ ስለነበር ሄጄ ነገርኳቸው።

ጋሽ ቶሎሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፈቀፍቃሉ። «አይሆንም እትዬ» አሉኝ። «ራሱ ተሰበረ ብል ማን ያምነኛል? ዶማው እዚያው ተጋድሟል። እኔ ካልሰበርኩት ማን ሰበረው ይላሉ። አጠገቤ የነበረው በቀለ ነው። እሱን ሊወስዱት?»

ስወጣ «ለደራ ሰው ይላኩልኝ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንባዬ መጣ።

እኩለ ቀን ላይ ካድሬው ሠራተኛውን ሁሉ ምግብ አዳራሽ ሰበሰበ። ጋሽ ቶሎሳን ፊት አቆማቸው። «በራሱ አንደበት ሰበርኩት ብሏል። ሌላ የሚናገር አለ?» አለ።

ተነሳሁ። የቁልፉ እስር ኪሴ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሰው ሁሉ ሰማው። «እኔ ነኝ የላክኋቸው» አልኩ። «ቧንቧው ፈንድቶ ነበር፤ ሄደው ይዝጉት ያልኩ እኔ ነኝ። መዝጊያውን ያጡት ምልክቱ ስለተነሳ ነው።»

«ምልክቱን ማን አነሳው?» አለ ካድሬው።

እኔ ሳልመልስ በቀለ ከኋላ ተነሳ። «እኔ አነሳሁት። ኖራም ቀባሁት። ሰማያዊው ለውሃ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ታዝዤ ነው እንጂ።»

አሁን ሰው ሁሉ ወደ አቶ ደምሴ ዞረ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ድንጋዮቹ... ተቀቡ» አሉ።

«ማን አስቀባቸው?» አልኩ። እንዲህ በሰው ፊት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጋሽ ቶሎሳን አዩ። ከዚያ «እኔ አስቀባኋቸው» አሉና ቁጭ አሉ።

የቀረው አንድ ሰው ነበር። ግቢው ይንጣ ብሎ አቶ ደምሴን ያዘዛቸው ራሱ ካድሬው እንደሆነ ጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ማንም አልጠየቀውም፤ ሁላችንም ዞረን አየነው። በመስኮቱ ወደ ነጫጮቹ ድንጋዮች ተመለከተ። «ለበዓሉ ግቢው እንዲነጣ መመሪያ ተሰጥቶ ነበር» አለ። ማን እንደሰጠው አልተናገረም። ቀጥሎ «ነገሩ የቴክኒክ ብልሽት ነው። ሰውዬው ወደ ሥራው ይመለስ» አለ።

ጋሽ ቶሎሳ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። እኔና በቀለ የጠፈርነውን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ አሰርኩት» አልኩ።

«ያንጠባጥባል» አሉ፤ ሽቦውን ይፈቱም ጀመር።

በዓሉ አለፈ። ምልክቱን ከዚያ ወዲህ የሚነሳ ድንጋይ ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ አደረግነው። ጋሽ ቶሎሳ ጡረታቸውን ይዘው ደራ ገቡ። እኔም ጊዜዬ ሲደርስ ቁልፎቹን አስረከብኩ፤ የበሩ ስም በየቁልፉ ላይ ተጽፎ።

በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ የነገርኳት አንድ ነገር ነው። ሠራተኛው ሰበርኩት እንዲል የምትፈልግ ኃላፊ፣ ላክሁት ለማለት ቀድማ ትነሳ።