የላ ሆያዋ የፍሪዘር እመቤት

ቢራ ማቀዝቀዝ ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል። በሞቃታማዋ የሳንቲያጎ ከተማ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እዚህ ጠርሙሱ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ነጭ ውርጭ ካልለበሰ ቢራው ሞቋል ይባላል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንደተደገፈ «ሙሽራዋን አምጪልኝ» ይላል፤ ቬሎዋን ሳትለብስ የወጣችውን ገና ከሩቅ ሲያያት በእጁ ይመልሳታል። ቅዝቃዜው ትንሽ ካለፈ ደግሞ ቆርኪው በተነሣ በቅጽበት ቢራው ዓይን እያየ በረዶ ሆኖ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቀጭን ነው። ዴያኒራ በዚያ ቀጭን መንገድ ላይ ዓመታትን ተመላልሳለች።

የምትሠራው «ላ ሎማ» በሚባለው የመጠጥ መደብር ነው። መደብሩ በከተማው ሁሉ ቅርንጫፍ አለው፤ ሁሉም ቢጫ ተቀብቷል፣ ሠራተኞቹም ቢጫ ካናቴራ ይለብሳሉ። ላ ሆያ በሚባለው ሠፈር ያለው ቅርንጫፍ ከፊቱ የፕላስቲክ ወንበሮችና የዶሚኖ ጠረጴዛ አለው። ውስጡ የሩምና የውስኪ መደርደሪያ፣ ከጀርባው ደግሞ በደረት ቁመት የተጋደሙ ሦስት ፍሪዘሮች። እነዚያ ሦስቱ የዴያኒራ ናቸው። ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል የለም፤ ግን ሌላ ሰው ክዳናቸውን ሲከፍት እሷን ቀና ብሎ ሳያይ አይከፍትም።

በየካቲት ጉራቦ በሚባል ሌላ ሠፈር አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው፤ የአዲሱ ኃላፊም ከላ ሆያ ሠራተኞች መካከል እንድትመረጥ ተወስኗል። ዴያኒራ ይህን የሰማች ቀን ቤቷ ገብታ ለእህቷ «ቦታው የእኔ ነው» አለቻት። ከእሷ ሌላ ማን አለና? ይህ ግን ዮካስታ ከመምጣቷ በፊት ነበር።

ዮካስታ ለገና ገበያ ትረዳለች ተብላ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ቅርንጫፍ ተዛውራ መጣች። እዚያ ወይን ጠጅ ስትሸጥ የኖረች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ስትስቅ ጥርሷ ቤቱን የሚያበራ ልጅ ናት። ቢጫው ካናቴራ ዴያኒራን የጉበት በሽተኛ ያስመስላታል። ዮካስታ ላይ ሲሆን ግን የበሰለ ማንጎ ይመስላል። ፋብሪካው አንድ፣ ጨርቁ አንድ፣ መጠኑ አንድ! ዴያኒራ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ልብ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ልብ ያላለችው ነገር የለም። ዮካስታ የሩም ጠርሙሶቹን አዟዙራ ስትደረድር የድሮው አደራደር ድንገት አስቀያሚ ሆኖ መታየቱን ልብ አለች። ለሠርግ መጠጥ ሊገዛ የመጣ ሰው ካሰበው እጥፍ ጭኖ አመስግኖ መሄዱንም።

ሁሉን ቻለችው። የዶን ፌፎን ግን አልቻለችም።

ዶን ፌፎ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ነው። ማታ ማታ የዶሚኖው ጠረጴዛ ላይ ይነግሣል። «ከዴያ እጅ ካልሆነ ቢራ አልጠጣም፤ የሌላ ሰው እጅ ያሞቅብኛል» ሲል ዓመታት አልፈዋል። አንድ ማክሰኞ ዴያኒራ እንደ ልማዷ ጠርሙሱን ከአንገቱ ይዛ፣ ብርጭቆውን በሌላ እጇ አንጠልጥላ ወጣች።

«ዴያ፣ የኔ ፍቅር፣ አንቺ ምን አደከመሽ?» አላት። «ያቺ ልጅ ታምጣልኝ።»

«ቢራው እኮ ያው ነው፣ ዶን ፌፎ።»

«ቢራው ያው ነው። ዓይን ግን ይሰለቻል!»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ዴያኒራም አብራ ሳቀች። ወደ ውስጥ ተመልሳ የፍሪዘሩን ክዳን ከፈተችና የሚቀዘቅዝ ነገር ሳይኖራት ፊቷን እዚያ ውስጥ ደፍታ ቆየች። ሆዷ ውስጥ የነደደውን ግን ያ ሁሉ ውርጭ አላበረደውም።

በማግሥቱ ዶኛ ኑሪስ መጣች። ዶኛ ኑሪስ የቅርንጫፎቹ ሁሉ ተቆጣጣሪ ናት። ከጓሮ ገብታ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን፣ ከዚያ መጋዘኑን፣ በመጨረሻ ሰዉን የምታይ ሴት ናት።

«ዴያ፣ ለዮካስታ ፍሪዘሩን አስተምሪያት» አለች። «ወይኑን ታውቃለች፤ ቢራ ግን አታውቅም። የቤዝቦሉ ፍጻሜ ዕለት እኔም እመጣለሁ። የጉራቦን ነገር ያን ዕለት እነግራችኋለሁ።»

«እነግራችኋለሁ» የሚለው ቃል ዴያኒራ ጆሮ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ። «እነግርሻለሁ» አይባልም ነበር?

አስተማረቻት። ጠርሙሶቹ ተጋድመው እንዳይነካኩ፣ አየር በመካከላቸው እንዲዞር፣ አዲስ የገባው ሳጥን ቢራ ከሥር ሆኖ የቀዘቀዘው ወደ ላይ እንዲወጣ አሳየቻት። ከአንገት ይያዛል እንጂ ከሆድ አይያዝም፤ ጠርሙስ ከጠርሙስ አይጋጭም፤ ክዳን ተከፍቶ ወሬ አይወራም። ዮካስታ ሁሉንም ደገመች፤ አልረሳችም።

«ዶኛ ዴያ፣ ሌላስ? የቀረ ነገር አለ?»

ዶኛ! እንደ አሮጊት በአክብሮት መጠራት።

«ያው ነው» አለች ዴያኒራ። «የቀረውን እጅሽ ይነግርሻል።»

የቀረ ነገር ነበረ። ላ ሆያ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። የመደብሩ ባትሪ አምፖሉንና የሒሳብ ማሽኑን ይይዛል እንጂ ፍሪዘር አይሸከምም። መብራት ሲመለስ ሰው ሁሉ የሚያደርገው የፍሪዘሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ማዞር ነው፤ የባከነውን ቅዝቃዜ ቶሎ ለመመለስ። ቢራ የሚበላሸውም ያን ጊዜ ነው። ጠርሙሱ ከላይ ውርጩን ቢያራግፍም ውስጡ ገና አልሞቀም፤ በዚያ ላይ ሙሉ ኃይል ሲለቀቅበት መንገዱን ስቶ ያልፋል። ማዞሪያው መነካት የለበትም። እንዲያውም አንድ ደረጃ ዝቅ ይደረግና ክዳኑ ሳይከፈት ይቆያል። ዴያኒራ ይህንን ያወቀችው ሁለት ጊዜ ሙሉ ፍሪዘር አበላሽታ ነው። «እሷም ታበላሽና ትወቀው» አለች በሆዷ።

የፍጻሜው እሑድ ደረሰ። የሠፈሩ ሰው ግማሹ የከተማውን ቡድን የአጊላስን ቢጫ ለብሶ፣ ጥቂቱ የተጋጣሚውን የሊሴይን ሰማያዊ ለብሶ ስድብ እየጠገበ፣ ከቀትር ጀምሮ ወንበሩን ሞላው። ቴሌቪዥኑ ወደ በረንዳ ወጣ። የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ በወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል መብራት ሄደ።

«ኧረ በማርያም!» ሲል ጎዳናው ሁሉ ጮኸ። ቀጥሎም የሁሉም አፍ መብራት ኃይልን አጥቦ አሰጣው።

ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣና እየተቀባበለ እስከ መደብሩ ደረሰ። አምፖሎቹ ደመቁ፤ ፍሪዘሮቹ አጉረመረሙ።

ዮካስታ እየሮጠች ከጀርባ ገባች። ዴያኒራ ክርኗን በመጀመሪያው ፍሪዘር ክዳን ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር። ልጅቷ ጎንበስ አለች፣ የአንዱን ማዞሪያ ያዘች፣ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ሁለተኛውን አዞረችው። ሦስተኛውን ልትይዝ ስትል ቀና ብላ ዴያኒራን አየቻት።

«ልክ ነኝ፣ ዶኛ ዴያ?»

ዴያኒራ ትከሻዋን ነቀነቀች። ነቅነቅ ማድረግ መዋሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። ሦስተኛውም ዞረ።

ጨዋታው ሲጋጋል የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ወጡ። ውርጩ እንዴት ያምራል! ነጭ፣ ወፍራም፣ እንከን የለሽ። ዶን ፌፎ ገና ሲያያት ቆሞ አጨበጨበ። «ሙሽራዬ መጣች!» ዮካስታ መክፈቻውን ቆርኪው ላይ አሳረፈች፣ ነቀለችው። ቢራው ከሥር ወደ ላይ ነጣ፤ አረፋው በአንገቱ ላይ ትንሽ ብቅ አለና ቆመ። ዶን ፌፎ ጠርሙሱን ብርጭቆው ላይ ገለበጠው፤ ጠብ የሚል የለም።

«ይቺ ምንድን ናት? በማንኪያ ልብላት?»

ሌላ ተከፈተ፤ በረዶ። ከሌላው ፍሪዘር መጣ፤ በረዶ። «ሙሽራይቱ ሞታ ነው የመጣችው!» አለ አንዱ፤ ሌላው «አጊላስም እንደዚሁ ዱላው ላይ ደርቋል!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለቱ ሲያያዙ የቀሩት ሊገላግሉ ተነሡ። የኋለኛው ጠረጴዛ ወንበሩን እየገፋ ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሱቅ ሄደ። ከዚያ አጠገቡ ያለው።

ዴያኒራ ከበሩ ጥላ ሥር ሆና አየች። የምትጠብቀው ደስታ መጣ፤ ግን አልቆየም። ዮካስታ አላለቀሰችም፣ አልተደበቀችም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔ ጌቶች፤ እስኪቀልጥ ሩም በሎሚ ላምጣላችሁ» ትላለች። የተቀመጡትም ይታገሷታል። ጭራሽ ያጽናኗታል! «አይዞሽ ልጄ፣ ማንም ያጠፋል።» ዴያኒራ በዚያ ሁሉ ዓመት ስታጠፋ ማን አይዞሽ ብሏታል? ቅናቱ በረደ ስትል ተመልሶ ከፊተኛው ባሰ።

ዶኛ ኑሪስ በዚያው ሰዓት በጓሮ በር ገባች። የባዶ ወንበሮቹን ረድፍ አየች፣ አንድ ጠርሙስ አንሥታ ዘቀዘቀች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ማዞሪያዎቹን ተመለከተች።

«ማን ነው ያዞረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዮካስታ። «መብራቱ ሲመጣ።»

«ማን አዙሪ አለሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

ዶኛ ኑሪስ ወደ ዴያኒራ ዞረች። «አንቺስ? የት ነበርሽ?»

ዴያኒራ «መጋዘን» ልትል አፏን ከፈተች። ዶን ፌፎ ግን የቀለጠ እንዳለ ሊጠይቅ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዴያማ እዚሁ ነበረች እንጂ!» አለ እየሳቀ፣ ክፉ ሳያስብ። «በመስኮቱ አይቻታለሁ። ክዳኑ ላይ ተደግፋ፣ ቅዱስ ምስል መስላ!»

ውጭ ሕዝቡ ስለ ኳስ ይጮኻል።

«ስታዞር አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንደሚበላሽ ታውቂያለሽ?»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ?»

ዴያኒራ ካናቴራዋን ወደ ታች ሳበች። «ቀንቼባት ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት።

ዶኛ ኑሪስ አልጮኸችም። «ቅናቱን ተይው፣ እኔም እቀናለሁ» አለች። «ጉራቦ ላይ ግን ኃላፊዋ ሥር አራት አዲስ ልጆች ይኖራሉ። አንዷ ስትሳሳት ኃላፊዋ ክዳን ላይ ተደግፋ የምታይ ከሆነ፣ ቅርንጫፉን ባልከፍተው ይሻለኛል። ዮካስታ ትሄዳለች። አንቺ እዚሁ ትቀሪያለሽ።» ከዚያ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ መልሳ ወጣች።

ያን ሳምንት ዴያኒራ ለዮካስታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልጅቷ ዕቃዋን ጠቅልላ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ገበያው ገና ሳይሞቅ፣ ከፍሪዘሩ ማዶ መጥታ ቆመች።

«ዶኛ ዴያ፣ መብራት ሲመጣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ዴያኒራ ጨርቋን ጨመቀች። ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? ቦታው እንደሆነ ሄዷል። ግን የጉራቦ ሰው በታወቀው ምላሱ «ቢራ ማን አስተማረሽ?» ሲል ታያት። ይቺ ልጅ ደግሞ በዚያ ንጹሕ አፏ «የላ ሆያዋ ዴያ» ልትል ነው። በተበላሸ ቢራ ስሟ በከተማው ሲዞር! ይህንንስ ከቅናቱም በላይ አልቻለችውም።

«ነይ ወደዚህ» አለች። «እጅሽን ከማዞሪያው አንሺ። አንሺ ነው ያልኩሽ! መብራት ሲመጣ ጠላትሽ ይህ ነው።»

የሞተሩን ድምፅ አስደመጠቻት፤ ሲጨነቅና ሲረጋጋ እንዴት እንደሚለያይ። አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግን፣ ክዳኑን መተውን፣ ከዳር ካሉት አንዷን ብቻ አውጥቶ መሞከርን አሳየቻት። ዮካስታ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ጣል አድርጋ አዳመጠች፤ ቀና ስትል «አሁን ተረጋጋ» አለች።

ልክ ነበረች። በመጀመሪያው ጊዜ! ዴያኒራን ሁለት ክረምት የፈጀባትን።

«አንቺ ልጅ፣ የሚከብድሽ ነገር የለም?»

«አለ እንጂ። እርስዎን ማሳቅ።»

ዴያኒራ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሳቀችላትም። «የሁለተኛው ድምፅ ከዚህ ይለያል» አለች ወደሚቀጥለው ፍሪዘር እየተራመደች። «ጆሮሽን አምጪ።»