የካያኩ የኋላ ወንበር

የጓደኛዬ እናት አዲስ አበባ መሞታቸውን የሰማሁት ሻንጣ ሳዘጋጅ ነው። በማግስቱ ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ሚኒሶታ በርረን፣ አራት ቀን ከሐይቅ ሐይቅ ካያክ በሚባል ጠባብ ጀልባ እየቀዘፍን በድንኳን ልናድር ነበር። የደወሉልኝ አጎቱ ናቸው።

«ጉዞውን ልሰርዘው፣ ጋሼ?»

«እንዳታደርገው። እዚያ ኔትወርክ የለም አይደል? ብቻውን ከስልክ ላይ አያንብበው። እሁድ ስትመለሱ እኔ ዘንድ ታድራላችሁ፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ እናረዳዋለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ካልሲዎቼን ማጠፍ ቀጠልኩ።

ካያኩ ሁለት ሰው የሚይዝ ነበር። ያከራየን ሰውዬ ከባዱ ከኋላ ይቀመጥ አለን። ከባዱ ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን አያይም። የካያኩ አፍንጫ በክብደቱ ስለዘቀጠ፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ውሃው እሱ ጭን ላይ ይፈስሳል። እኔ ደረቅ ነበርኩ። ከሁሉ በላይ ያየሁት ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬቱንና ፀሐይ የላጠችውን ማጅራቱን ነው።

«አንተ ገጣሚ፣ እየቀዘፍክ ነው ወይስ እያየህ?»

«እየቀዘፍኩ ነው።»

«ሐይቅ በስንኝ አይሻገርም።»

ለግጥም ብዬ የያዝኩት ደብተር ላይ የሰፈረው የምግብ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሽሮ፣ ቱና፣ ዳቦ ቆሎ። ሽሮው ሁለት ጊዜ አረረብን። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ካያኩን ተሸክመን በጫካ እንሻገራለን፤ ሁለቱም እጃችን ስለተያዘ ትንኝ ፊታችን ላይ እንደልቡ ይሰፍራል። እሱ ይሳደባል። እኔ ሲነክሰኝ ብዙም አይሰማኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ረጋ። ስልኩን ውሃ ከማያስገባው ቦርሳ አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበለኝ።

«ቅረጸኝ፤ ለእማዬ። ልጅ ሳለሁ ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገብ እንኳ አታስደርሰኝም ነበር እኮ።»

ቀረጽኩት። ግማሽ ፊቱን አዞረ።

«እማዬ፣ እዪኝማ። ዙሪያው ውሃ ነው፤ አልሰመጥኩም። ሰኞ እደውልልሻለሁ። ደግሞ ካርድህን አትጨርስ ብለሽ ቶሎ እንዳትዘጊብኝ።» መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ሌላ ምን ልበላት?»

እኔ የማየው ባትሪውን ነበር፤ ሊያልቅ ነው። ቻርጀር እኔ እይዛለሁ ብዬ ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። ኔትወርክ ካለበት ሳንደርስ ስልኩ መጥፋት ነበረበት።

«ቀጥል» አልኩት። «ስለ ሽሮው ንገራት።»

በሳቅ ፈረሰ። ስለ ሽሮው ነገራቸው። «ስለ ትንኙም» አልኩ። ስለ ትንኙም ነገራቸው። ሴቭ አድርጌ መለስኩለት። ማታ ላይ ስልኩ ጠፋ።

«ምናለ፣ ቬጋስ እንሰካዋለን» አለ።

እሁድ አጎቱ ኤርፖርት ተቀበሉን፤ እቅፋቸው ከወትሮው ረዘመ። ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ያለው ቤታቸው አደርን፤ ጓደኛዬ ደክሞት ስልኩን ሳይሰካ ተኛ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የመጡት የካዚኖ ባጃቸውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጓደኛዬ ከመኝታ ክፍል ወጥቶ አያቸው። ሊያረዱት የመጡት ፓስተር ሳይናገሩ ገባው። አራት ሰው ያዘው። እኔ ጫማ ከተከመረበት በር አጠገብ ቆምኩ። አላለቀስኩም።

ከመርዶው በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍሉ ጠራኝ። ቪዲዮውን ከፍቶታል። «ቀጥል፤ ስለ ሽሮው ንገራት» ይላል ድምፄ። ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አጫወተው።

«ይህን ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመሄዳችን በፊት።»

ፊቴን አየኝ። ከዚያ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ድምፅህን ከቪዲዮው አውጣልኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩ። ድምፄ ሳቁ ላይ ተደርቧል፤ የእኔን ስቆርጥ የእሱም አብሮ ይሄዳል። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ቪዲዮውን እንዳለ መለስኩለት።