ጉበት አይጾምም

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አባቴን ከዳባት ገጠር አምጥቼ፣ እኔ በማስተምርበት በደባርቅ አስመረመርኳቸው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸው ነበር። የደም ምርመራው ሲመጣ ኮሌስትሮላቸው በጣም ከፍ ብሏል። ሐኪሟ ልታስረዳን አፏን ስትከፍት ምላሴ ቀደማት። እኔ የማውቀው ኮሌስትሮል ማለት ቅቤ ነው፤ አባቴ ቤት ደግሞ ከቅበላ ወዲህ ቅቤ አልተቀመሰም ተብሏል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸውን ደም ያወጣው መሰለኝ።

«አባባ፣ ደብቀው ቅቤ ይቀምሱ ነበር እንዴ?» አልኩ፣ በሰው ፊት።

ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ሁዳዴ አፍርሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሐኪሟ ያዘዘችላቸውን ኪኒን ገዝቼ መናኸሪያ ስደርስባቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

«ይህን የዋጥኩ ለት፣ ቅቤውን በላሁ ማለቴ ነው» ብለው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።

ሐኪሟ ያለ ኪኒኑ ልባቸው እንደሚያሰጋት ነግራኛለች። በማግስቱ ተመልሼ ብሄድ ተቆጣችኝ።

«መምህር፣ አባትህ ቅቤ ባይቀምሱም ኮሌስትሮል ይኖራል እኮ! አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ዋናው ባለሙያ ጉበት ነው። ከምግብ ብዙ ሲገባ ሥራውን ቀነስ ያደርጋል፣ ሲጠፋ ይጨምራል። የተረፈውን ከደም ላይ የሚለቅመውም እሱ ነው። የአባትህ ጉበት መልቀሙ ላይ ደከም ሳይል አልቀረም። በዘርም ይወርዳልና አንተም ተመርመር።»

«ታዲያ ይህን መርዝ ምን ሊያደርግልን ይሠራዋል?»

ሣቀችብኝ። መርዝ የሚሆነው ሲበዛ ነው አለች። እያንዳንዷ የሰውነታችን ሕዋስ ግድግዳዋ የሚጸናው በእሱ ነው። ስብ የሚፈጨው ሐሞት ከእሱ ይሠራል፤ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት የሚያደርጉት ሆርሞኖችም ከእሱ ናቸው። አንጎል ከጉበት ሳይለምን የራሱን እዚያው ያዘጋጃል። ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ፣ ኮሌስትሮል ሊሆን አንድ እርምጃ የቀረውን ነገር አጥንት የሚያጠነክር ቫይታሚን ያደርገዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በፋሲካ ከጨጓራ ጋር ከትፈን ዱለት የምናደርገው ያ ጉበት፣ ማንም ሳያዘው ይህን ሁሉ ያውቃል!

ቅዳሜ ዳባት ላይ ከመኪና ወርጄ ወደ አባቴ ቤት በእግሬ ሳዘግም፣ አንድ ገበሬ ትከሻውን ለፀሐይ ሰጥቶ ያርሳል። እሱ በሬዎቹን ይቆጣል፤ ቆዳው ግን ድምፁን አጥፍቶ አጥንቱን ይጠግናል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ አለፈችኝ። የዚያ ሕፃን አንጎል በዚያች ሰዓት፣ እኔ መርዝ ባልኩት ነገር እየተገነባ ነው። መንገድ መሐል ቆሜ መዳፌን አገላብጬ አየሁት። ዕፁብ ነው። ስንት ዓመት ሳስተምር እኔ ራሴ ከምን እንደተሠራሁ አላውቅም ነበር፤ ሰው ለመክሰስ ግን ማን ብሎኝ!

አባቴ ደጃፍ ተቀምጠው ማረሻ ይሞርዳሉ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሞረዱን አስቀመጡት።

«እኔ ስጾም ጉበቴ ቅቤ ሲያነጥር ከረመ በለኛ! ሳልሰጠው ከየት አመጣው?»

«ከእንጀራውም፣ ከሽሮውም። ያገኘውን ይለውጠዋል።»

ሆዳቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ቤተ መቅደስ ሲሳለሙ እንጂ እንዲያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይቅር ይበልህ። ጉበቴ መሰከረልኝና አመንከኝ። እኔ አልቀመስኩም ብልህስ ኖሮ?»

አላምናቸውም ነበር። ልዋሽ ፈለግሁ፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን አልቻልኩም፤ እውነቱን ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ያመጣሁትን ኪኒን ተቀበሉኝ።