ቫርኒሽ ያልደረቀበት አልጋ

ግድግዳ የምንጋራትን ጎረቤቴን የሰፈሩ ልጆች «እትዬ መወልወያ» ይሏታል። ስም ሲያወጡ አልተሳሳቱም። ከደጃችን ያለው መንገድ ተቆፍሮ ከቀረ ወዲህ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የሁላችንም ቤት አቧራ ይለብሳል። እኔ ሲመሽ አንዴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ነገር ዓለሙን እተወዋለሁ። እሷ ግን መኪናው ገና ሳይታጠፍ ጨርቋን አንስታለች። ቤቷ ሻይ ከጠጡ፣ ብርጭቆውን ብድግ ሲያደርጉ ከሥሩ ትወለውላለች፤ መልሶ ማስቀመጥ ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ቤት ሻይ ከጉሮሮ አይወርድም።

ባሏ አናጢ ነው፤ ሰጋቱራ ከጸጉሩ የማይጠፋ ዝምተኛ ሰው። ከጓሮው ሥራ ቤት ሲመጣ ደጃፍ ላይ እንደ ምንጣፍ ታራግፈዋለች። እሱም እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ይቆምላታል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች። መጨረሻ የመጣችው ከባሏ ጋር ነበር። እናት ሆዬ ምሳ ላይ አማቿን «እግርህን አንሳልኝ የኔ ልጅ» እያለች ከሥሩ ስትወለውል ዋለች። በማግስቱ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ትደውላለች እንጂ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

ዘንድሮ ወለደች። ከዚያም ደወለች፦ «እማዬ፣ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አረፍ ብለሽ ከተቀመጥሽ እከርማለሁ። ጨርቅ ይዘሽ የምትከታተዪኝ ከሆነ ግን ሻንጣዬን አልፈታም።» ይህን ጎረቤቴ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ የእኔን መስኮት በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች።

«ታዲያ ቁጭ በያ» አልኳት።

«ሕፃን እኮ ነው የሚመጣው። እዚህ አቧራ ውስጥ?»

«አንቺስ የት ነው ያደግሽው? ጠርሙስ ውስጥ?»

አልሳቀችም። «እጄ እኮ እምቢ ይለኛል» አለች። «ፈርቻለሁ።» አንጀቴን በላችው።

አናጢው ለልጅ ልጁ አልጋ ሠርቶ ነበር። ጓሮው ነፋስ ስለሆነ የመጨረሻውን ቫርኒሽ ሳሎን ውስጥ መስኮት ዘግቶ ቀባው። እነልጁን ሊቀበል ወደ መናኸሪያ ሲወጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲነግራት ሰማሁት፦ «እስኪደርቅ ምንም እንዳትነኪ። የተኛ አቧራ ማንንም አይጎዳም። ከቀሰቀስሽው ግን ሄዶ የሚያርፈው እርጥቡ ላይ ነው።»

«እሺ» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ኮሽታ ጠፋ። ዝምታው እኔኑ አስጨነቀኝ፤ ልብሴን እያጠፍኩ ጆሮዬን ወደዚያ ጣልኩ። ተቀምጣለች ማለት ነው። ቻለች አልኩ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና አለፈ።

ወዲያው ትራስ መደብደብ ጀመረች። ምንጣፍ ጎተተች፣ ወንበር ገፋች፣ የጣራውን አቧራ በመጥረጊያ አወረደችው። ሮጬ ስደርስ ረፍዶ ነበር። አቧራው ክፍሉን ሞልቶ ይዞራል። መስተዋት ይመስል የነበረው አልጋ ስኳር እንደተነሰነሰበት ዳቦ ሆኗል። እሷም ልታድነው ብላ በጨርቋ ጠረገችው፤ ጨርቁ ቫርኒሹ ላይ ተጣበቀ። ስታላቅቀው ክሩ እዚያው ቀረ።

«ምን ሆኜ ነው?» አለችኝና ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ብቀልድ ይሻል ነበር፤ አልመጣልኝም።

እንዲህ እንዳለን በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ገባች። አባትየው ሻንጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና ከዚያው ሆኖ አልጋውን አየ።

«ቀሰቀስሽው» አለ። አልተቆጣም። «ግድ የለም፣ ሲደርቅ ፍቄ እንደገና እቀባዋለሁ። ልጁ ግን እስከዚያ መተኛ የለውም።»

ልጅቷ የተከመረውን ትራስ፣ የተጠቀለለውን ምንጣፍ፣ እናቷ እጅ ላይ ያለውን ጨርቅ አየች። ፊቷ ጠቆረ። እኔ ወደ በሩ ማየት ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለች እናትየው ከወለሉ ላይ። «ሻንጣሽን አትፍቺ። ተቀምጬ ነበር እኮ። ትንሽ ተቀምጬ ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ አለችና ጨርቁን ከእናቷ እጅ ወስዳ ሕፃኑን ሰጠቻት።

«እጄ አቧራ ነው» አለች እናትየው ደንግጣ።

«ይሁን። ማስተኛ የለኝም፤ ያዢልኝ።»

ያዘችው። ሌላ መኪና አለፈ፤ በተከፈተው በር አቧራው ገባ። ዓይኗ ተከትሎት ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ትከሻዋ ተነቃነቀ። ሕፃኑ ተነጫነጨ፤ ባለችበት ቀረች።

«ቴሌቪዥኑ ላይ...» አለች ቀስ ብላ።

«አይቼዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ አጠገቧ ወለሉ ላይ እየተቀመጠች። «አባዬ፣ ሻንጣዬን አስገባልኝ።»

አናጢው ሻንጣውን አስገብቶ ወደ ደጃፉ ተመለሰ፤ እንደ ልማዱም እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ። ብዙ ጠበቀ። የሚያራግፈው አልመጣም።