ከላፕቶፑ ጋር የመጣው በርጩማ

«ስጦታ ያለው ላፕቶፕ ያዋጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ላፕቶፕ ስገዛ በርጩማ የተጨመረልኝ ሰው ስለሆንኩ ለዳኝነት አልመችም። የሆነውን ግን እናገራለሁ።

እናቴ ሁሩታ ገበያ ገብስና ባቄላ ትሸጣለች። በእሷ ሕግ ጣሳው ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ከላዩ አንድ እፍኝ ካልተጨመረበት ተሸጠ አይባልም። ያ እፍኝ ምርቃት ነው። ምርቃት የነሳትን ነጋዴ ዘር ማንዘሩን ታስታውሳለች። ሥነ ሕንፃ ስማር የመጨረሻው ዓመት ንድፍ በኮምፒውተር ተሠርቶ ካልቀረበ ዓመቱ ይደገማል ተባልን፤ እናቴም ላፕቶፕ ልትገዛልኝ ይህንኑ ሕጓን ይዛ አሰላ ድረስ አብራኝ መጣች።

የሱቁ መስታወት ላይ «ለተማሪዎች ልዩ ቅናሽ! አምስት ስጦታ በነጻ!» ተለጥፏል። ሁለት ላፕቶፖች በአንድ ዋጋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ጥቁር ነው፤ ከቻርጀሩ በቀር ምንም የለውም፤ ሜሞሪው ግን የሌላውን አራት እጥፍ ነው። ሌላው ብርማ፣ ቀጭን፣ ከቦርሳ፣ ከማውስ፣ ከፍላሽ፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከፔርሙስ ጋር። እኔ ጥቁሩን አየሁ። እናቴ ፔርሙሱን አየች።

«የጥቁሩ ምርቃት ምንድን ነው?» አለችው ባለሱቁን። በእኔ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነው።

«እሱ ምንም የለውም እማማ። እሱ በራሱ ጎበዝ ነው።»

«ምርቃት የሚነሳ ሰው በዕቃው አይተማመንም» አለች ወደ እኔ ዞራ። እኔ ደግሞ አምስት ነገር የሚመርቅ ሰው ምን ሊደብቅ ነው እያልኩ ነበር፣ በልቤ።

«እማዬ፣ ሜሞሪው እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ አንቺ! ገና መች ተጀመረና!»

ድምፅዋ የገበያ ድምፅ ነው፤ ከመንገድ ማዶ ያለ ገዢ ይጠራል። ጥግ ላይ ቻርጀር የሚያማርጡ ሁለት ተማሪዎች ተያይተው ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። የጀመርኩትን ትቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«አምስት ትንሽ ነው» አለች እናቴ። ባለሱቁ ጃንጥላ ጨመረ፤ የራሱ ነው፣ ገና አልደረቀም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላለች።

«ያ ሰዓትስ?»

«ኧረ እማማ፣ እሱ የግድግዳው ነው!»

«ግድግዳ ሰዓት ምን ያደርግለታል?»

ጎረምሳው ሰዓቱን አወረደ። ዞር ሲል እናቴ የተቀመጠችበትን በርጩማ ገልብጣ እግሮቹን እየነቀነቀች ትፈትሻለች።

«በአላህ እማማ! እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«ወጣት አይደለህ? ቁም። ቶሌ፣ እሺ፣ በቃ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለችና በርጩማውን ብብቷ ሥር አደረገችው። የብርማውን ደረሰኝ ቆሞ ጻፈልን።

ወደ ሁሩታ ስንመለስ በርጩማውን ለሚኒባሱ ተሳፋሪ ሁሉ አሳየች። ላፕቶፑን ልየው ያለ ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ብርማው ላፕቶፕ ጠባዩን አሳየኝ። የንድፍ ፕሮግራሙን ለመክፈት ቁርስ በልቼ እስክመለስ ይወስድበታል። ተከፍቶም አንድ ግድግዳ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ስጀምር ድርቅ ይላል። ባለ አንድ ግድግዳ ሕንፃ የሚቀበል አስተማሪ ደግሞ የለንም። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እናቴንም፣ ፔርሙሷንም ጠላሁ።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጥሩ ላፕቶፕ አላት። ክፍላችን ግን አራት አልጋ እንጂ አንድም መቀመጫ የለውም። እኔን የማለቅሰውን ትታ በርጩማውን አየችው። «እሱን ስጪኝና እኔ ክፍል በምማርበት ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ በላፕቶፔ ሥሪ» አለችኝ።

እንዲህ ተጀመረ፤ በየዕቃው ተጨማሪ ጊዜ ገዛሁ። በርጩማው መሠረቱን አወጣልኝ። ጃንጥላው ምድር ቤቱን፣ የግድግዳው ሰዓት ሁለት ፎቅ፣ የጆሮ ማዳመጫው ደረጃውን፣ ቦርሳውና ፍላሹ መስኮቶቹን ሠሩ። ፔርሙሱ ጣሪያ ሆነ። ማውሱን አልፈልግም አለች፤ ስለዚህ ሕንፃዬ በረንዳ የለውም። አስተማሪዬ በረንዳ መተዌን «ድፍረት ያለበት ውሳኔ» ብሎ አደነቀው። አለፍኩ።

ለክረምት ቤት ስገባ እናቴ ባቄላ ትለቅማለች። ሻንጣዬን አየት አድርጋ «ዕቃዎቹስ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋ እስከ ጎረቤት ተሰማ።

«አላልኩሽም? ምርቃቱ ነው ያሳለፈሽ!»

ደሜ ፈላ። «ጥቁሩን ብንገዛ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ ልመና አያስፈልገኝም ነበር!»

ሳቋን አቆመች። «ጥቁሩ ይሻል ነበር?»

«በጣም!»

«ያኔ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የያዘችውን ባቄላ ሰፌዱ ላይ መለሰችው። «እኔ የማውቀው ምርቃት ነው ልጄ። በማውቀው ተከራከርኩልሽ። አንቺ የምታውቂውን ለምን ዋጥሽው?»

«ሰው ሲስቅብሽ ከአንቺ ጋር መታየት አሳፍሮኝ፣ ቶሎ እንድንወጣ ብዬ ነው» ማለት ነበረብኝ።

«እንጃ እማዬ» አልኳት።