ጥያቄ ቁጥር ስድስት

መምህሩን ተማሪዎቻቸው ከጀርባቸው «ድገመው» ይሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ የተሳሳተውንም ትክክል የሠራውንም ልጅ እኩል «ድገመው!» ስለሚሉ የወጣላቸው ስም ነው። ራሳቸውም ያውቁታል፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል።

አንድ ቀን ግን ጠመኔ እንደያዙ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ ቀጥሎ የሚመጣው መስመር ድርግም ብሎ ጠፋባቸው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ መርሳት መጣ፤ የልጅ ልጅ ስም መርሳት መጣ። ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ምስል አገላብጦ አየና «ገና ጅማሬው ነው፤ ለጊዜው ሥራዎን መቀጠል ይችላሉ» አላቸው። ያቺ «ለጊዜው» ጆሯቸው ውስጥ ቀረች። ከባለቤታቸው በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ክበብ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፕሮግራሚንግ ውድድር አዘጋጀ። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዷ ስልክ ጠጋኝ፣ ቤታቸው ድረስ መጡ። አንድ ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል።

«ቲቸር፣ ኮዱን እኛ እንጽፋለን፤ እርስዎ በወረቀት ብቻ ያስቡልን» አለች ስልክ ጠጋኟ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባለቤታቸው ተቆጡ። «አርፈህ አትቀመጥም? ምን ፍለጋ ነው?»

«እስቲ ይሄን ጭንቅላት ልፈትነው» አሉ መምህሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለየቡድኑ አንድ ኮምፒውተር፣ ለመሥሪያ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት። ልጆቹ ቀለል ያሉትን ሲሠሩ መምህሩ ጥያቄ ቁጥር ስድስትን ያዙ፤ ከአንዲት ከተማ መንገዶች የትኛው ቢዘጋ ከተማዋ ለሁለት እንደምትከፈል የሚጠይቅ ነው። አቀርቅረው ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ ነበር።

የባንክ ሠራተኛው ወደ ኮድ ቀየረውና ላከው። ስክሪኑ ቀላ፤ «የተሳሳተ መልስ» አለ።

«እንግዲህ ድገመው!» አለ ልጁ፤ ሦስቱም ሳቁ። ደገሙት። ቀላ። ሦስተኛው ላይ የሳቀ አልነበረም። አራተኛው ሲቀላ መምህሩ ወረቀታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ምንም ስህተት አይታያቸውም፤ የባሰ ያስፈራቸውም ይኸው ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጆቼ፤ በእኔ የተነሳ ጊዜ አታባክኑ» ብለው እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ።

«ምነው መምህር፣ ዓመቱ እስኪያልቅ እንኳ?»

«የሰውን ልጅ ስህተት ባስተምርስ?» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ሁለት ወር እንዳለፈ የክበቡ ፕሬዚዳንት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ በራቸውን አንኳኳች። ጥያቄ ስድስትን ያወጣችው እሷ ናት። ማንም ቡድን አልመለሰውም፤ እሷም ስለከበደ መስሏት ነበር። ፋይሎቹን ስታደራጅ ግን ኮምፒውተሩ የሚያርምበትን መልስ ራሷ አሳስታ እንዳስገባችው አየች። ለቡድኖቹ ሁሉ ጻፈች። መምህሩ ሥራ መልቀቃቸውን ከስልክ ጠጋኟ ስትሰማ ደግሞ እግሯ አላስቀምጥ አላት።

«ቲቸር፣ መልስዎ ትክክል ነበር» አለች ሳትቀመጥ። «የመጀመሪያውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«የመጀመሪያውም?»

«አዎ።»

ባለቤታቸው ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧቸው። መምህሩ በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ላይ ተመለሱ፤ እንደገና ወረዱ፤ እዚያው ቆሙ።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማን ነው የሠራው?»

ልጅቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። መምህሩ ደነገጡ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ እኔም ሰሌዳ ላይ ስንቴ ተሳስቻለሁ!»

በማግስቱ ባለቤታቸው ሥራው ይመለስላቸው እንደሆነ ሊጠይቁ ትምህርት ቤት ሄዱ። በመምህሩ ቦታ ሌላ መምህርት ተቀጥራለች፤ ልጆቹም ወደዋታል። ይህን ለባላቸው ሳይነግሩ ዋጡት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትመጣለች። ደብተር ዘርግተው አብረው ቀላል ቀላል ሒሳብ ይሠራሉ። አንዳንድ ቀን መልሱ ፈጥኖ ይመጣላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ገና ከበር እንደገባች ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

አንድም ቀን አስተምረዋት አያውቁም።

«ተማሪዎ ነኝ» አለችና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።