ከጆንያው ሥር

ዘንድሮም ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ባዛር ሄደን፣ ገና በሩን ሳናልፍ ፀሐይ የጠገበ የዛላ በርበሬ ሽታ ሲቀበለኝ፣ ባዛሩም ባልደረቦቼም ጠፍተውብኝ የእናቴን እጅ የያዝኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። እኛ አራታችን ለምግብ ነገር ነፍሳችንን የምንሰጥ ሰዎች ነን፤ እኔን ግን ይህን ፍቅር ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

የምንኖረው ቁስቋም ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢያችንን ሲሸፍነውና ያለፈው ዓመት በርበሬ ተሟጦ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ እናቴና ሁለቱ ጎረቤቶቿ፣ እትዬ ጌጤና እትዬ ወርቅነሽ፣ እሳት ዳር ተቀምጠው ስለሚመጣው በርበሬ ያወሩ ነበር። ሌላው ሰው ስለ ሠርግ የሚያወራውን ያህል ተደስተው ነበር የሚያወሩት።

መስቀል አልፎ አዲሱ በርበሬ ገበያ ሲወጣ፣ ሦስቱም የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ማልደው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ማረቆ ይወርዱ ነበር። መጀመሪያ የሚገቡት ነጭ ሽንኩርት ተራ ነበር፤ እትዬ ጌጤ አንድ ፍሬ ጥሬውን ያኝኩና ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቡ፣ ነጋዴው ሳይቀር ፍርዱን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በርበሬው ግን የእናቴ ነበር። ዛላውን ጆሮዋ ሥር ትሰብረውና ድምፁን ሰምታ ታሸተዋለች፤ ቀጥላም ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ከሥር አንድ ዛላ ታወጣለች፤ ሚዛን እንዲያነሳ ከሥር ያለው ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች ነበሩና። «የላይኛው ለዓይን ነው፣ የታችኛው ለወጥ» ትል ነበር። ጎረቤቶቿ እሷ ያላሸተተችውን በርበሬ አይገዙም ነበር፤ እኔም ከእናቴ የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ግን ጉንፋን አፍንጫዋን ዘጋው። ጉዞው እንዳይቀር ፈርታ፣ ኋላ እንደገባኝ ደግሞ ለስሟም ሰግታ፣ ለጎረቤቶቿ ሳትናገር እኔን አስከትላ ሄደች። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ነጠላዬን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና፣ «ዛሬ አፍንጫዬ አንቺ ነሽ። ጥሩ ከሆነ እጄን አንዴ ጨበጥ አድርጊው፣ ካልሆነ ሁለቴ» አለችኝ።

ሙያ የምታስተምረኝ መስላ ዛላውን ወደ አፍንጫዬ ስታስጠጋው፣ ሦስት ጆንያ አሽትቼ ሦስቱንም ጊዜ እጇን ሁለቴ ጨበጥኩ፤ እሷ ራሷን ነቅንቃ ስታልፍ ሁለቱ ሴቶች ያለ ጥያቄ ይከተሏት ነበር፤ እኔም ልቤ በኩራት አብጦ ነበር። የአራተኛው ጆንያ በርበሬ ከላይ ሽታው ልብ ያርሳል። «ከሥሩም እዪው» አለችኝ በሹክሹክታ። ክንዴን እስከ ክርኔ እንደከተትኩ አቧራው ቦነነና ዓይኔም ጉሮሮዬም ተቃጠለ። ከሥሩ ሳልደርስ እጄን አወጣሁና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንዴ ጨበጥኳት።

ቤት ደርሰን ለሦስት ቤት የተገዛው ያ ትልቅ ጆንያ ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ሲዘረገፍ፣ ከሥር የነበረው ጠቁሮ፣ ተጣብቆና ሻግቶ ወጣ። እትዬ ወርቅነሽ አፋቸውን ይዘው፣ «አንቺዬ፣ አንቺ እያለሽ?» አሉ።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። ወዲያው ወደ እሳቸው ዞራ፣ «ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አፍንጫዬ ከዳኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንዲሉ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሁሉም በርበሬው የለበለበኝ መሰላቸው። ደህና ደህናውን ለሁለቱ ጎረቤቶች አካፈለችና የተረፈውን ለእኛ አስቀረች፤ ከእሱም የሻገተውን አንድ በአንድ ለቅማ ስትጥል የቀረው ዕፍኝ የማይሞላ ነበር። ያንን በጋ አልጫ ስንበላ ከረምን። አባቴ «ዘንድሮ ከበርበሬም ጾም ታወጀ እንዴ?» እያለ ሲቀልድ እሷ አብራው ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ጉርሻዬን በግድ እውጥ ነበር። አንድም ቀን፣ ተቆጥታ እንኳን፣ ነገሩን አላነሳችብኝም። በሚቀጥለው ዓመት አፍንጫዋ ደህና ሆኖም አስከትላኝ ሄደች፤ እጇንም ሰጠችኝ።

አሁን ባዛር በገባን ቁጥር ሻጩን አስፈቅጄ እጅጌዬን እስከ ላይ ስሰበስብ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። «ኧረ በቃሽ፣ ጆንያው ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ግን የጆንያው ወለል ጣቴን ሳይነካው አልመለስም።

እናቴ አሁንም እዚያው ቁስቋም ናት። እርጅና ማሽተቷን ወስዶባታል፤ ያመጣሁላትን ዛላ ጆሮዋ ሥር ሰብራ ድምፁን ትሰማና፣ ወደ አፍንጫዋ ሳታስጠጋው እጇን ትዘረጋልኛለች። እኔም አንዴ ጨበጥ አደርገዋለሁ።

«ከሥሩም?» ትለኛለች።

«ከሥሩም፣ እማዬ።»

ያኔ እንዲህ ስጨብጣት ክንዴ የቀላው እስከ ክርኔ ብቻ ነበር፤ ዛሬ እስከ ትከሻዬ ይፋጃል።